የስልጠና ተራ

የልጅ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ደርሳም ፊደል ይምታታባታል። መምህሯ «ሰነፍ ናት፤ ክፍሉን ትድገም» ማለቱን ስሰማ፣ ልደታ ያለው ትምህርት ቤቷ ሄጄ ሠላሳ ስምንት ደረጃ ወጣሁ።

«አባባ፣ አይቆጡ» አለኝ ርዕሰ መምህሩ። «ማንበብ የሚያስቸግራቸውን ልጆች ስለመርዳት የአምስት ቀን ስልጠና ወስደናል።»

«መምህሯ ታዲያ ምን ተማረ?»

«እሱ እንኳ አልሄደም። ስልጠና አበል ስላለው በተራ ነው። የዘንድሮው ተራ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ነበር።»

«ማንበብ የሚያስተምረው ዕቃ ጠባቂ ነው?» ብዬ እየጮህኩ ግምጃ ቤቱ ወረድኩ።

በሩን ስከፍት የልጅ ልጄ ከተሰባበሩ ወንበሮች መሃል ተቀምጣ፣ ሠራተኛው ከካርቶን የቆረጠላትን ፊደል በጣቷ እየዳሰሰች ታነባለች።

«ሦስት ሳምንታችን ነው» አለኝ ሰውየው። «መምህሯ ከክፍል ባስወጣት ቁጥር እዚህ ትመጣለች።»