በር ያልበቃት አውሮፕላን

ሰሞኑን ሚስቴ ዘይነባ ከጋራዥ ያመጣሁላትን የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጣሳ እየቀዳች የግድግዳውን ሥር ዙሪያውን ስታጠጣው ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ይሄ ሽታ ለሌላ ሰው ጋራዥ ነው፣ ለኔ ግን ታላቅ ወንድሜ ከድር ነው፤ ከድር ትዝ ሲለኝ ደግሞ እዚህ ጋ፣ ደረቴ ላይ፣ አንድ ነገር ያቃጥለኛል። ምን እደብቃለሁ፣ እቀናበታለሁ። ሚስት አግብቼ፣ የቀርከሃ ወንበርና ሶፋ የምሠራበት የራሴን ዳስ መንገድ ዳር ተክዬ፣ ጺም አብቅዬ፣ አሁንም እቀናበታለሁ። ቅናት ሲያድጉ ይለቃል የሚል ሰው ካለ መጥቶ እኔን ይይ።

ዘይቱ ለምስጥ ነው። አሶሳ ላይ ቤት ያለው ሰው ስለ ምስጥ አይነገረውም፣ ያውቀዋል። ልጆች ሆነን ቤታችን ቀርከሃ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ስለነበር ምስጦቹ ባለቤት፣ እኛ ተከራይ ነበርን ማለት ይቻላል፤ ደብተርህን ከመደርደሪያ ስታነሳ ሽፋኑ አለ፣ ውስጡ አፈር ሆኗል። እኔ ለሒሳብ አስተማሪዬ «የቤት ሥራዬን ምስጥ በላው» ያልኩት አንድ ጊዜ እውነቴን ነበር፣ ሌላ ሌላውን ጊዜ ምስጡ አልደረሰበትም። ስለዚህ እናቴ በየዓመቱ በጋው ሊያልቅ፣ ሰማዩ መክበድ ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት ትነሳና ቤቱን እንዳለ ግቢው ላይ ትዘረግፈዋለች። አልጋው፣ ፍራሹ፣ ሳጥኑ፣ ሰሌኑ፣ ድስቱ፣ የአባቴ የተቀደደ ካፖርት፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ ባዶው ቤት ይጠረጋል፣ የምስጡ መንገድ ይፈረፈራል፣ ዘይቱ ይፈስሳል፣ የቤታችን ጉድ ሁሉ ለመንደሩ ተሰጥቶ ይውላል፣ እኔና ከድር የምንተኛበት ፍራሽ ላይ ያለው የሽንት ካርታ ሳይቀር።

እናቴ ልጅ ሆና በሠፈራ ከወሎ ስትመጣ ከለበሰችው ሌላ የያዘችው አልነበረም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ዕቃ ስትጥል እጇ የማይዝለው። ጎረቤቱ የተበሳ ወንፊት ሳይቀር ያኖራል፣ እሷ ግን ሁለት ዓመት ያልነካነውን ነገር ስታይ ያማታል። ዘይቱ ሲሰርግ ሰማዩን አየት ታደርግና ወገቧን ይዛ፣ «በሉ! ሳይዘንብ ያስገባችሁትን አስገቡ፣ የቀረውን ዓይኑን ማየት አልፈልግም!» ትላለች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ትልልቁን ዕቃ እሷና አባቴ ያስገባሉ፣ የየራሳችንን ግን በየራሳችን እግር ነው፤ ጠብታ ከወረደ በኋላ ውጭ የተገኘ ነገር የኛ አይደለም፣ አልቅስ፣ ተንከባለል፣ አይደለም።

ታዲያ ይሄ ሕግ ለከድር የወጣ ይመስል ነበር። ከድር ሯጭ ነው። እናቴ ሱቅ ስትልከን መሬት ላይ እንትፍ ብላ «ሳይደርቅ ተመለስ» ትላለች፤ እሱ ሲመለስ ምራቁ እንደረጠበ ነው፣ እኔ ስመለስ መድረቅ ብቻ አይደለም፣ ጉንዳን መንገድ አውጥቶበታል። ጠዋት የአባቴን ኮንጎ ጫማ አጥልቆ በኤርፖርቱ መንገድ ይሮጣል፣ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይሮጣል፣ ከመስጊድ ሲወጣ ይሮጣል፣ ማን እንደሚያባርረው አንድዬ ነው የሚያውቀው። ዕቃ በምናስገባበት ቀን የሱ ኳስ፣ የሱ ጫማ፣ የሱ ደብተር ሁሉ ገብቶ አልቆ በሩ ላይ ተደግፎ ማንጎ ይልጣል፣ እኔ ገና በሁለተኛው ዙር ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ናት። አጥር ለአጥር የምንኖረው የበርታ ሴትዮ ሐዋ ደግሞ ያን ቀን አትቀርም፤ እኔ ያላደረስኩት ነገር ለሷ ስለሚደርስ አጥሩ ላይ ክንዷን ጣል አድርጋ፣ «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ቀስ በል፣ አትሩጥ፣ ትወድቃለህ» ትለኛለች። እንዲህ የሚያዝንልኝ ሰው ሌላ ቀን አልነበረኝም። የኔ ስንት ነገር እሷ ቤት ገብቷል፤ ቅርጫቴ፣ በርጩማዬ፣ አንድ ጊዜ አንድ እግር ጫማዬ።

እኔ መሮጥ ባልችልም እጅ ነበረኝ። ይሄን ማንም አይክደኝም፣ ማለት ያኔ ማንም አይክደኝም ነበር። ቀርከሃ ሳይ እጄን ይበላኛል፤ ወፍጮ ሠርቼ አውቃለሁ፣ ባጃጅ ሠርቼ አውቃለሁ፣ የሐዋ ፍየል የምትጎትታት ጋሪ ሠርቼ ፍየሏ ጋሪዋን በልታብኝ ታውቃለች። ያን በጋ ግን አውሮፕላን ሥራ ገባሁ። ኤርፖርቱ አጥር ላይ ተለጥፌ አይቻታለሁ፣ ሆዷን፣ ጭራዋን፣ የምትሽከረከረውን ነገር ሁሉ በዓይኔ ለክቻታለሁ። ከቤቱ ጀርባ ማንጎው ጥላ ሥር ቀርከሃ እየፈለጥኩ፣ እየላግኩ፣ እያጎበጥኩ በልጥ አሰርኳት፤ ክንፏን የማዳበሪያ ጆንያ አለበስኩ፣ የፊት መዘውሯን ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆረጥኩ፣ ጎማዋን ከተበጠሰ ሸበጥ፣ መስኮቷን ከለስላሳ ቆርኪ። ስትጨረስ ውስጧ ገብቼ መቀመጥ እችል ነበር፣ ጉልበቴን አገጬ ካስጠጋሁ። ንፋስ ሲመጣ መዘውሯ ይዞራል፣ ማንጎው ላይ ያሉት ወፎች ይሸሻሉ፣ እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ከኔ የሚበልጥ ሰው የለም፣ ከድርም ቢሆን።

ዕቃ የማስገቢያው ቀን ደመናው ከወትሮው ፈጥኖ ደረሰ። ሌላ ዕቃዬን ሁሉ ትቼ፣ ጫማዬን፣ ደብተሬን፣ ሁሉንም ለሐዋ ፈርጄ፣ አውሮፕላኗን ብቻ ተሸክሜ ወደ በሩ ሄድኩ። ክንፏ አልገባም። በጎን አልኳት፣ በጭራ አልኳት፣ ገለበጥኳት፣ አልገባም። ያን ሁሉ ጊዜ ማንጎ ሥር ተጎልቼ ስሠራ በራችን ስንት እንደሆነ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም፤ ውጭ ሆነህ ስትሠራ በር የሚባል ነገር ትዝ አይልህም። አባቴ ገጀራውን አንስቶ «ክንፏን ትንሽ ከርከም እናድርጋት» ሲል በላይዋ ተደፋሁባት። እናቴ «ትቅር በቃ!» አለች። ጠብታው ወረደ። አንገቴ ላይ ሲያርፍብኝ እስካሁን ይሰማኛል።

ያኔ ከድር፣ ሥራውን ጨርሶ በር ላይ የቆመው ከድር፣ መጥቶ በአንድ እጁ እኔን ገፋ፣ በሌላው አውሮፕላኗን ጭንቅላቱ ላይ አወጣና ከግቢው ወጥቶ ሮጠ። ወዴት እንደሚሮጥ ማንም አላወቀም፣ እሱም ያወቀ አይመስለኝም፤ ለካ ትምህርት ቤታችን ሰፊ በረንዳ አለው። ዝናቡ ከኋላው እያሳደደው፣ መዘውሯ በሩጫው ንፋስ እየተሽከረከረች፣ አስፓልቱን ይዞ ሲበር ባጃጆቹ ቆሙለት፣ በረንዳ የተጠለለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ገበያ ውስጥ ሸራ ሥር የተጠጉት ሴቶች እልል አሉ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለኛ ለዘገየነው ከፍቶ የማያውቀውን በር ወለል አድርጎ ከፈተለት። እኔ ይሄን አላየሁም፣ ሰው ነው የነገረኝ። እኔ ጭቃ ውስጥ እያለቀስኩ ከኋላ ከኋላ ስደርስ አውሮፕላኗ በረንዳው ላይ ደርቃ ቆማለች፣ ሰው ከቧታል፣ የሚያዩት ግን እሱን ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ፓይለት ሆነ። አስተማሪዎቹ አውሮፕላኗን ወስደው የትምህርት መሣሪያ ክፍሉ ጣራ ላይ ሰቀሏት፣ አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር «የፓይለት አውሮፕላን» እየተባለች ትታያለች። የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ከድር አለመዋሸቱ ነው። ቢዋሽማ እሰድበዋለሁ፣ እደበድበዋለሁ፣ ይወጣልኛል። እሱ ግን ሰው ባለበት ሁሉ «ኧረ ሰይድ ነው የሠራት፣ እኔ ተሸክሜ ነው» ይላል፣ ሰው ደግሞ «አየህ አስተዳደግ፣ ለታናሹ ሲያስብ!» ይለዋል። ስለኔ እውነት በተናገረ ቁጥር ለሱ ነው የሚመረቅለት። እንዲህ ዓይነት ሌባ ምን ይደረጋል?

በኋላ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተጣላን፣ ከድር በሩጫው ክልል ድረስ ደረሰ፣ ጉልበቱን ታሞ ተወው፣ መንጃ ፈቃድ አወጣና አሁን ማንኩሽ በኩል፣ ከግድቡ አካባቢ፣ ሎደር ይነዳል። እዚያም ፓይለት ነው የሚሉት። እኔ ዳሴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወንበር ስገጥም ገዢ መጥቶ «የፓይለት ወንድም አይደለህ?» ይለኛል፣ ዋጋውን በዚያው እጨምርበታለሁ።

እንግዲህ ዘይነባ ዘይቱን አጠጥታ ስትጨርስ፣ እናቴ አርጅታለችና ግቢ ውስጥ እኔ በሠራሁላት ወንበር ላይ፣ እኔ በሠራሁላት፣ ተደላድላ ተቀምጣ ለሙሽራዬ ወግ ትነግራታለች። ዘይነባን ከባምባሲ ካመጣኋት ዓመት አልሞላትም፣ ስለ ልጅነቴ ምንም አታውቅም፣ ያቺን አውሮፕላን በደንብ አድርጌ፣ ደስ በሚል ሰዓት፣ ራሴ ልነግራት አስቀምጫት ነበር። እናቴ ቀደመችኝ። «ይሄ እጅ የዘር ነው የኔ ልጅ፣» አለቻት፤ «ከድሬ ልጅ ሆኖ የቀርከሃ አውሮፕላን ሠርቶ አገሩን ጉድ አሰኝቷል።»

ዘይነባ ወደኔ ዞራ፣ «እና ወንድምህ ነዋ ሥራውን ያስተማረህ?» አለችኝ። በቅን ነው የጠየቀችው፣ እሱ ነው የገደለኝ።

«እማ!» አልኩ፣ የያዝኩትን መጥረጊያ ወርውሬ። «ማነው የሠራት?»

«ከድር ነዋ! ተሸክሟት ሲሮጥ በዓይኔ አይቼ!»

«መሸከምና መሥራት አንድ ነው?»

«አንተማ ታለቅስ ነበር» አለች፣ ረጋ ብላ።

ማልቀሴ እውነት ነው፣ ምን እላለሁ። አባቴ የለም፣ አልፏል። ሐዋም ልጇ ጋ ካማሺ ሄዳለች፣ አውሮፕላኗንም እዚያው ጣራ ላይ ምስጥ ጨርሷታል። በዚህ ዓለም ላይ ያቺ አውሮፕላን የኔ እንደሆነች የሚመሰክርልኝ የቀረው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ከድር። ደወልኩለት፤ ድምፁን ከፍ አደረግኩት፣ ስልኩን ዘይነባ ጆሮ ሥር ያዝኩት።

«ከድር፣ ያቺን አውሮፕላን ማነው የሠራት? ለዘይነባ ንገራት።»

«የቷን? የማንጎዋን?» ሳቀ፣ ከኋላው ሞተር ያጓራል። «አብረን ነዋ!»

«አብረን? አንተ ምኗን ነክተህ?»

«እንዴ ሰይዶ! ስትፈልጥ ጫፉ ላይ ቆሜ የምይዝልህ ማን ሆነና? በጋውን ሙሉ የከሰዓት ሩጫዬን አስቀርተህ ‹አትነቃነቅ፣ ይሸሽብኛል፣ አንተ አህያ› እያልክ ስትሰድበኝ! ዘይነባ፣ ሲሠራ አፉ አያርፍም አይደል?»

«ወላሂ አያርፍም!» አለችው እየሳቀች፣ ኔትወርኩ ሄደ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። የኛ አገር ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ነው፤ ረጅሙን ስትፈልጥ ሌላኛውን ጫፍ የሚረግጥልህ ሰው ከሌለ ይሽከረከራል፣ ስንጥቁ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ግማሹ ይበላሻል። እኔ አሁን ዳሴ ውስጥ ድንጋይ እጭንበታለሁ፣ ድንጋይ ደግሞ እንደ ሰው አይሆንም። እንኳን ያኔ፣ በዚያ ክንዴ፣ ዛሬም ብቻዬን አልችለውም። ያን በጋ በዓይኔ አመጣሁት፤ ማንጎው አለ፣ ገጀራው አለ፣ ስንጥቁ ከእጄ ሥር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ይታየኛል፣ ጫፉ ላይ ግን ማንም የለም። ቀርከሃው አይነቃነቅም፣ የያዘው ሰው ግን የለም።

የቀረችኝ ንብረት ያቺ በጋ ነበረች፣ ለማንም ሳላካፍል የያዝኳት፤ ግማሿን በስልክ ወሰደብኝ። ደግሞ መውሰዱ አይደለም ያንገበገበኝ፣ ከኔ የተሻለ ማስታወሱ ነው፤ እዚያም ቀድሞኝ ደርሷል። አንድ ቦታ መቆም የማይችለው ልጅ፣ ከመስጊድ እየሮጠ የሚወጣው ልጅ፣ በጋውን ሙሉ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳለ እኔ ጎንበስ ብዬ ስንጥቄን ነበር የማየው። ዘይነባ «እና ማን ሆነ የሠራት?» ብላ ስትጠይቀኝ «አብረን ነው» አልኳት፣ ምላሴ ላይ እየመረረኝ፤ ያን በጋ ግን መልሰው ቢሰጡኝ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ገጀራውን አስቀምጬ ቀና ብዬ ጫፉን አየው ነበር።