የጋሼ ቧንቧ ስለት

በእኛ ሴሚናሪ ስለ ሕይወት ውኃ መስበክ የሚችል ስልሳ ሦስት ተማሪ ነበር፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መዝጋት የሚችል ግን አንድ ሰው ብቻ። ያ ሰው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነበር። "ጋሼ ቧንቧ" እንለዋለን። ጋሼ ያልነው እኛ ጢማችን በቅጡ ሳይወጣ እሱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት ከእኛ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ቧንቧ ያልነው ደግሞ እዚህ ከመምጣቱ በፊት አሥራ አራት ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ሲዘረጋና ሲጠግን ስለኖረ ነው። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ በአውቶቡስ አንድ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ይኖራሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚያያቸው።

ክፍላችን ውስጥ ሦስት አልጋ አለ። አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእኔ፣ ሦስተኛው "ማይኩ" የምንለው ተማሪ። ማይኩ ማይክሮፎን ሳይዝ በማይክሮፎን የሚናገር ልጅ ነው፤ ሲጸልይ ጎረቤት ሕንፃ አሜን ይላል። ጸሎቱ ደግሞ ክስ አለበት። "ጌታ ሆይ፣ ወንድሜ ትናንት የበላበትን ሳህን ሳያጥብ መተኛቱን አንተ ታውቃለህ" ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ያሳጣኛል። አሜን ማለት አለብኝ፤ ካላልኩ የነገውም ጸሎት እኔው ነኝ። እኔስ ብሆን ምን የተሻልኩ ነበርኩ? በር ቆልፌ መስታወት ፊት ቡራኬ የምለማመድ ሰው ነኝ። እጄን ምን ያህል ከፍ ባደርግ ግርማ እንደሚኖረኝ አጥንቼ የጨረስኩት ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው።

ጋሼ ቧንቧ መስታወት የሚያየው ሲላጭ ብቻ ነበር። ግሪክኛ ግን አናቱን አዞረው። ግሶቹን በቁራጭ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል እየጻፈ መታጠቢያ ቤት ባሉት ቧንቧዎች ላይ ይለጥፋቸዋል፤ በዚህ የተነሣ የሕንፃው ተማሪ ሁሉ ሽንት ቤት ሲመላለስ ሳይወድ በግዱ ግሪክኛ ተማረ፣ ከእሱ በቀር። እኔ አስጠናዋለሁ። እሱ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰበክሁ ቀን ሸሚዜን ተኩሶልኛል። አንዴ በትኩሳት ሁለት ቀን ስወድቅ ፎጣ እያራሰ ግንባሬ ላይ ሲያደርግልኝ ሰነበተ። ማይኩ በራስጌዬ ቆሞ መከራ ስላለው ጥቅም ሲያስተምረኝ፣ ጋሼ ቧንቧ "ውጣ አንተ፣ ልጁ ይተኛ" ብሎ አስወጣልኝ። ወንድም ቢኖረኝ ከዚህ በላይ አያደርግልኝም ነበር።

አራተኛው ዓመት ላይ ጉደኛው ትምህርት መጣ። የተጨነቀ ሰው እንዴት እንደሚደመጥ የሚያስተምር ነው፤ የእረኝነት እንክብካቤ ይሉታል። መምህሩን በሌሉበት "መምህር እህ" እንላቸዋለን። ምንም ብትነግራቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው "እህ" ይላሉ፤ አንተም ሳታስበው ያልጠየቁህን ሁሉ ትዘከዝካለህ። አንድ ቀን ለምን እንዳረፈድኩ ጠይቀውኝ፣ የአክስቴን ፍቺ ከነምክንያቱ ነግሬያቸው ወጣሁ።

ትምህርቱን ለማለፍ አሥር ዘገባ ያስፈልጋል። የተጨነቀ ሰው ትጎበኛለህ፤ ከዚያ እሱ ያለውንና አንተ ያልከውን ቃል በቃል ትጽፋለህ። ምክር ከሰጠህ አምስት ነጥብ ይቀነስብሃል፤ ከሰበክህ አሥር። ሰውዬው የተሰማውን ስሜት መልሰህ ለራሱ ከነገርከው ይጨመርልሃል። ዝም ብለህ፣ ዝም ማለትህን ደግሞ በቅንፍ ከጻፍክ፣ አንተን የሚያህል የለም።

ግን የተጨነቀ ሰው ከየት ይምጣ? ሆስፒታሉ የፈቀደልን ስምንት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እኛ አሥራ አምስት ነን። ሕመምተኞቹ ነጭ ሸሚዛችንን ገና ከበሩ ሲያዩ ማንኮራፋት ይጀምራሉ። እግሩ የተሰበረ አንድ ሰውዬ ከምሳ በፊት ስድስት ጊዜ ተጸለየለትና "ዕለቱን ካላስወጣችሁኝ" ብሎ ነርሶቹን አስጨነቀ። በክራንች ሲሮጥ ያየሁት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ዘገባ ሞላሁ፤ አሥረኛው ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የምጎበኘው ሰው አጣሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤት ስገባ ጋሼ ቧንቧ እጅ መታጠቢያው ሥር በጀርባው ተንጋሏል፤ የሚታየው ከወገቡ በታች ነው።

"ጋሼ፣ ዛሬም እዚህ ነህ?"

"ጎማው ተበልቷል። ተቀመጥ እስቲ፣ መፍቻ ታቀብለኛለህ።"

ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ መፍቻ አቀበልኩት። ከዚያ እዚያው እንደተኛ፣ ፊቱ ሳይታየኝ፣ መናገር ጀመረ።

"እኔ ወደ አገልግሎት የመጣሁት ተጠርቼ አይደለም። ትንሿ ልጄ በአራት ዓመቷ ታማ ሦስት ሳምንት ራሷን አታውቅም ነበር። ኮሪደር ላይ ተንበርክኬ፣ ይህችን ካተረፍክልኝ ሥራዬን ትቼ ዕድሜ ልኬን አገለግልሃለሁ አልኩት። ተረፈች። የአጥቢያችን ምእመናንም ይህን ሰምተው እዚህ ላኩኝ። ይኸው አራት ዓመቴ። ቧንቧ ስትከፍት ውኃው ቀርቶ አየር ብቻ ሲተነፍስ ታውቅ የለ? ስጸልይ እንደሱ ነው የሚሆንብኝ። ይሄ ሥራ የእኔ አይደለም፤ ትቼው ቤቴ ብገባ ደስ ይለኛል። ግን ስለቴን ካፈረስኩ ልጄን መልሶ የሚወስድብኝ ይመስለኛል።"

ልብ በሉ፣ እኔ ሉተራን ነኝ። በአራት ዓመት ትምህርት ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ አንድ ነገር አይጠፋኝም፤ እግዚአብሔር የሚሰጠውን በጸጋ እንደሚሰጥ፣ ሰጥቶም መያዣ እንደማይጠይቅ። ይህን ስንት ፈተና ላይ ጽፌ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ያ አንድ ቃል ነበር። እኔ ሞኙ ግን አንገቴን ዘንበል አደረግሁ።

"ስሰማህ፣ ጋሼ፣ ፍርሃት እንዳለብህ ይሰማኛል።"

"አዎ፣ ፈርቻለሁ።"

"ስለ ፍርሃትህ ትንሽ ብትነግረኝ።"

"አሁን ነገርኩህ እኮ።"

"እህ" አልኩት።

ከዚያ ዝም አልኩ። በልቤ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። በመጨረሻ "በል ትንሹን መፍቻ አቀብለኝ" አለኝ፤ አቀበልኩት። ከዚያ ስወጣ፣ አፈር ልብላና፣ ኮርቼ ነበር። አንድም ምክር አልሰጠሁትማ።

ከእራት በፊት ጽፌ ጨረስኩት። ቧንቧ ሠራተኛውን አናጺ አደረግሁት፤ ለመንፈሳዊ ነገር አናጺ የተሻለ መሰለኝ። ሴሚናሪውን የገጠር አጥቢያ፣ መታጠቢያ ቤቱን የሆስፒታል ግቢ አደረግሁት። ልጅቷን ግን አልነካኋትም፤ እሷ ከወጣች ዘገባው አንጀት አይበላም። የቀረው ቃል በቃል ነው። በየዓርቡ አንድ ዘገባ ተመርጦ ክፍል ውስጥ ይነበባል። ዘጠኙ ሳይመረጡ አሥረኛው አይመረጥም ብዬ ራሴን አሳመንኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ አስገባሁት።

ዓርብ ዕለት መምህር እህ ወረቀት ይዘው ገቡ። "በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ማዳመጥ አላነበብኩም" ብለው ወደ እኔ አመለከቱ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የጎብኚውን ቃል ዘገባውን የጻፈው ተማሪ ያነባል፣ የተጎብኚውን ደግሞ መምህሩ የመረጡት ሌላ ሰው። ክፍሉን ቃኘት ቃኘት አደረጉና ወረቀቱን ለጋሼ ቧንቧ ዘረጉለት።

"አንተ አባት ነህ። አናጺውን አንተ አንብብልን።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ ቧንቧ መነጽሩን አደረገ። ግሪክኛ እንደሚያነበው ሁሉ በጣቱ እየተከተለ ጀመረ። "እኔ ወደ አገልግሎት የመጣሁት ተጠርቼ አይደለም።" እዚህ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ቀጠለ። ኮሪደሩን አነበበ፣ ስለቱን አነበበ፣ አየር ብቻ የሚተነፍሰውን ቧንቧ አነበበ። የቧንቧውን ነገር መቀየር ረስቼ ነበር፤ አናጺ ስለ ቧንቧ ምን አገባው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። "ልጄን መልሶ የሚወስድብኝ ይመስለኛል" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። የተንቀጠቀጠው የእኔ ነው፣ "ፍርሃት እንዳለብህ ይሰማኛል" ብዬ ስመልስለት። "እህ" የሚለው ላይ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ መምህር እህም ፈገግ አሉ።

ውይይቱ ሲከፈት የቀደመው ማይኩ ነው። "ይህ ሰውዬ ወንጌል አልገባውም። ከእግዚአብሔር ጋር ገበያ ወጥቷል። በሥራ መጽደቅ ማለት ይኸው ነው" አለ አፉን ሞልቶ። ሌላው ተነሥቶ ስለት ከሕግ ወገን ነው ወይስ ከወንጌል ብሎ ጠየቀ። ሦስተኛው በጭንቅ ሰዓት የገባ ስለት ያስራል አያስርም በሚለው ላይ ከየዘመኑ ታሪክ ጠቀሰ። አንዱማ ሰሌዳው ላይ ቀስት ሠራበት። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ተናጩ፤ ጣት ቀሰሩ፣ ወንበር ገፉ፣ አንዱ የአንዱን ቃል ነጠቀ። ጋሼ ቧንቧ ግንባሩን ይዞ አንዱን ከአንዱ እየተከተለ ያዳምጣል። እኔ ቀና ብዬ "ተዉ" ማለት አቃተኝ። በመጨረሻ መምህሩ ድምፅ እንድንሰጥ እጅ አስወጡ። ስለቱ አያስርም፣ ጸጋ ነጻ ነው ተባለና ሁሉም ደስ ብሎት ተቀመጠ።

ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ለጸሐፊው ቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ ከላይ የሰመረለትን፣ ከታች የጎደለውን። ስም አይጻፍበትም። ኮሪደር ወጥቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። "ዝምታህ ግሩም ነው" ይላል አንዱ። "እህ የሚለውን በቦታው ተጠቅመሃል" ይላል ሌላው። አንዱ ወረቀት ላይ ከላይ ምንም የለም። ከታች በትልልቅ ፊደል "ልጅቷ አሁን እንዴት ናት ብሎ አልጠየቀም" ይላል።

ወደ ክፍላችን ስገባ ልብሱን እያጣጠፈ ነበር። ከትምህርት እንደሚወጣ ለዲኑ ነግሯቸው ተመልሷል። ማይኩ ነገሩ ሳይገባው "ጋሼ፣ ልጸልይልህ" ሲለው፣ "ሌላ ጊዜ" አለው። እኔን ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

ጠዋት ሻንጣውን ይዤለት መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። አትምጣ አላለኝም፤ ናም አላለኝም። አውቶቡሱ እስኪሞላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

"በድዬሃለሁ፣ ጋሼ" አልኩት። "አንድ ነገር ግን ልበልህ። እግዚአብሔር ሰጥቶ የሚቀማ አይደለም። ልጅህን በነጻ ነው የሰጠህ፤ ስለቱን ተወው፣ አትፍራ።"

ሻንጣውን ወደ እግሩ ሳብ አደረገ።

"ይህን ያን ቀን ብትለኝ ምን ነበረበት?"

አምስት ነጥብ ይቀነስብኛል ብዬ ነው ልበለው?

"ስለቱ አያስርም ብላችሁ እጅ አወጣችሁ" አለ። "እኔም ሰማሁ፤ ያላችሁትን ይዤ ይኸው እየሄድኩ ነው። እናንተ ብትሳሳቱ ሌላ ዓርብ አለላችሁ። እኔ ግን ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ነው።"

"አልተሳሳትንም ጋሼ፣ በእውነት ነው የምልህ።"

"ይሆናል።"

ስልኩ ጮኸ። ፊቱ በአንዴ ተለወጠ፤ ሲያነሳው ጣቱ ሁለት ጊዜ ሳተው። "አቤት የኔ እናት" አለ። "መጣሁ፣ መጣሁ፤ ማታ እደርሳለሁ።" ከዚያ ስልኩን ከጆሮው ነቅሎ አየኝና ዘረጋልኝ።

"ትንሿ ልጄ ናት። በል ጠይቃት።"

ተቀበልኩት።

"እንዴት ነሽ?" አልኩ።

"ደህና ነኝ" አለች ቀጭን ድምፅ። "ጥርሴ ወለቀ። አባዬ ጨርሶ ሊመጣ ነው። አንተ ማነህ?"

ጓደኛው ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ቧንቧ ትክ ብሎ እያየኝ ነበር፤ ምን እንደምል ለመስማት እንደሚጠብቅ ያስታውቃል።

"አብሬው እማር የነበርኩ ነኝ" አልኳት።

ስልኩን ተቀበለኝ፣ ሻንጣውን አነሣና አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።