ፈጣሪን አንቱ ያለው የናይሮቢ ኖኅ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፤ ሞያሌ

ትናንት ድንበሩን ተሻግሬ ኬንያ በኩል አደርኩ። አውቶቡሱ ሲነሳ ገና አልነጋም። ናይሮቢ የምሄደው የእህቴ ልጅ ሜሮን የሠራችውን ፊልም ለማየት ነው። ፊልሙ በኖኅ ታሪክ ይቀልዳል። እናቷ፣ እህቴ ፀሐይ፣ ከናይሮቢ ደውላ ቁርጡን ነግራኛለች።

«ጋሽ ወልዴ አይተው ከተቀየሙ ልጅቷ ፊልም የሚባል ነገር ትተዋለች፤ በቃ። አንተ አጠገባቸው ተቀመጥ። ሊወጡ ከተነሱ ያዝልኝ።»

ጋሽ ወልዴ እዚያው ናይሮቢ የሚኖሩ ሐበሻ ነጋዴ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቃላቸው ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ለመያዝ ይህን ሁሉ መንገድ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

ረፋዱ ላይ፤ ማርሳቢት

ጭጋግ፣ ቀይ አፈር፣ መንገድ ዳር የቆሙ ግመሎች። ቻፓቲ በቦሎቄ፣ ሻይ በወተት፤ መቶ ሃምሳ ሽልንግ። ሾፌራችን የሞያሌ ሰው ነው፤ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቀ።

«ጋሼ፣ ናይሮቢ ኖኅ ማለት እኮ መኪና ነው! ሰባት ሰው ይጭናል። እኛ አስር እንጭንበታለን።»

የፊልሙ ቀልድ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ጭንቀቴም ጨመረ።

እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር

ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ ሞልቷል። ሜሮን ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት። በር ላይ አቀፈችኝ።

«ኡሲጃሊ አጎቴ፣ አታስብ! ፉል ሪስፔክት ነው የጻፍኩት።»

ፊልሙ ጀመረ። ኖኅ መርከብ መሥራት ሰልችቶት መኪናውን ኖኅን አስነስቶ እንስሳት ይጭናል። ረዳቱ «ምቢሊ ምቢሊ!» እያለ ሁለት ሁለት ያስገባል። ወጣቶቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ወልዴ ግን ከዘራቸውን ጨብጠው አልሳቁም። እጄን ወደ ኮታቸው አስጠጋሁ።

የኖኅ ስልክ ጮኸ፤ ደዋዩ ከላይ ነው። ኖኅ ብድግ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

«አቤት ጌታዬ! እርስዎ እንዳዘዙኝ እየጫንኩ ነው። ዝሆኑ ግን አልገባ አለኝ፤ ምን ላድርግ ይላሉ?»

አዳራሹ ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ፈጣሪን አንቱ የሚል ማን አለ? በጸሎት ሁላችንም «አንተ» ነው የምንለው። ሜሮን ግን አማርኛ የተማረችው እናቷ ምግብ ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያ በዕድሜ የበለጣትን ሁሉ አንቱ እንድትል ታዝዛለች። ፈጣሪን የሚበልጥ ደግሞ የለም።

የጋሽ ወልዴ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሊነሱ ነው ብዬ ኮታቸውን አፈፍ አደረግሁ። ለካ እየሳቁ ነው፤ እንባቸው እስኪወርድ።

ሲያልቅ ሜሮንን ጠሯት።

«ልጄ፣ ፈጣሪን አንቱ በዪ ያለሽ ማነው?»

«ትልቅ ናቸዋ፣ ጋሼ!» አለች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስጸልይ እንዲህ አክብሬው አላውቅም። ይህቺ ልጅ ተሳደበች የሚል ካለ እኔን ያናግር።»

ፀሐይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ፈጣሪን አመሰገንኩት፤ በለመድኩት «አንተ»።

ሰኞ ማለዳ፤ አውቶቡስ ተራ

እናትና ልጅ ሸኙኝ። ሜሮን ቀጣዩ ፊልሟ ዮናስ እንደሆነ ነገረችን፤ ያለ ወረቀት በዓሣ ሆድ ድንበር የሚሻገር ዮናስ። እህቴ ወደ ልጇ ዞረች።

«ሦስት ቀን እዚያ ሆድ ውስጥ ሲቀመጥ ምን ይበላል?»

«አልጻፍኩትም፣ ማሚ።»

«ጻፊው እንጂ! ወጡን እኔ እሠራለሁ።»