ከእኔ አፍ የወጣ «በሕግ አምላክ»

ነገሩ የሆነው አምና በሰኔ መግቢያ፣ ከአምበር ወጣ ብሎ ባለው እርሻችን ላይ ነው። ያየሁት ደም ብቻ አይደለም የማይረሳኝ፤ በኋላ የተነገረኝም ነው።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ሲጠይቁኝ መልሱን እያወቅሁ አቀረቅር ነበር። እናቴም «የሴት ልጅ ድምፅ ከምሰሶው አይለፍ» ስለምትል ዝምታዬ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። «በሕግ አምላክ» ብሎ የተጣላ ሰው ማስቆምም የቄስና የሽማግሌ ነው ብዬ አምን ነበር። እኔ ብል ማንን ያስቆማል?

የዚያን ቀን ወንድሜ ጌትነት ያርሳል፣ እኔ ከኋላው ጓል እከሰክሳለሁ። የሰፈሩ ሰው አብዛኛው ገበያ ወርዷል። የድንበር ተጋሪያችን አያ ደሴ ምሳሩን ተሸክሞ መጣ።

«ወሰኑን ገፋኸው» አለ።

«ድንጋዩ እዚያው ነው። ዓይንህን አጥራ» አለ ወንድሜ በሬዎቹን ሳያቆም።

«ድንጋዩንማ ማታ ማታ ታራምደዋለህ። አባትህም ሲያራምድ ኖሮ ነው የሞተው።»

ወንድሜ የሟች አባታችን ስም ሲነሳ አልቻለም። ጅራፉን ፊቱ ላይ አሳረፈበት፤ የአያ ደሴ ጉንጭ ተተለተለ። እሱም በምሳሩ እጀታ ደረቱን ሲደቃው ወንድሜ ወደቀ። በሬዎቹ ደንብረው ሞፈሩን እየጎተቱ ሮጡ። ወንድሜ ሊነሳ ሲል ስለቱ ቀኝ ትከሻው ላይ ገባ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ።

«በሕግ አምላክ» አልሁ። ለራሴም አልተሰማኝም።

አያ ደሴ የወንድሜ ሆድ ላይ ቆሞ ምሳሩን እንደገና አነሳ። የሚያየው አንገቱን ነበር።

ያኔ ጮኽሁ። «በሕግ አምላክ! ቁም!» የወጣው ድምፅ ወፍራምና ሻካራ ነበር፤ የእኔ አይመስልም። ምሳሩ እንደተነሳ ቀረ። አያ ደሴ ዞሮ ሽማግሌ ፈለገ። ከእኔ በቀር ማንም የለም። ግራ ገብቶት እንደቆመ፣ ጩኸቱን የሰሙ ሰዎች ከወንዙ ማዶ ሮጠው ደርሰው ያዙት።

ወንድሜን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አደረስነው። ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን ዕርፍ አይጨብጥም።

ለእርቅ በተቀመጥንበት ቀን አያ ደሴ እንዲህ አለ፦ «የሽማግሌ ድምፅ መስሎኝ ነው የቆምሁ። የእሷ መሆኑን ባውቅማ መች እቆም ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ተነሳሁ።

«እንግዲያው አሁን እወቀው» አልሁት።

ሳቁ ቆመ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ተቀመጪ አላለችኝም።

እስከ ዛሬ ከምሳሩ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ያ የአያ ደሴ ንግግር ነው። ወንድሜ የተረፈው በስህተት ነው ማለት ነው። አሁን ስለ መሬታችን ቀበሌ እየሄድሁ የምከራከረው እኔ ነኝ። አሁንም አፍራለሁ፤ «ወንድ ላኩ» ሲሉኝ ግን አልመለስም።