ከመናኸሪያው እስከ ከብት ገበያው

የላይ ሰፈር ልጆች የነበሩ እኩዮቼ ዛሬም «ሰፈራችንን ያስከበርን ነን» ይላሉ። ውሸት ነው። ሰፈራችንን የፈለገው ማንም አልነበረም።

ግዛታችን ከመካነ ሰላም መናኸሪያ እስከ ከብት ገበያው ነበር። በውስጡ አንድ ቦኖ ውሃ፣ ሞተሩ የወለቀ ትራክተርና በጄኔሬተር የሚሠራ ቪዲዮ ቤት ነበሩ። የቡድናችንን ስም የወሰድነው እዚያ ካየነው የካራቴ ፊልም ነው፤ ስለሚያሳፍር አልጽፈውም። የታች ሰፈር ልጅ ድልድዩን ተሻግሮ ከመጣ ይደበደባል። እኛም ከተሻገርን እንዲሁ። ከከላላ በቅሎ እየነዳ የሚመጣው ገበሬ ግን ድንበራችንን በየገበያው ቀን ሳያውቀው ያልፍ ነበር። መንግሥታትም ከዚህ በተሻለ ምክንያት ሲጣሉ አላየሁም።

ሃይማኖተኞችም ነበርን። በቤተ ክርስቲያኑ በር ስናልፍ፣ ሰው እያሳደድንም ቢሆን፣ ቆመን እንሳለማለን። ሙስሊም ጓደኞቻችን እስክንጨርስ ዱላችንን ይዘው ይጠብቁናል። ከዚያ ማሳደዳችንን እንቀጥላለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የታች ሰፈር ልጅን ቦኖው አጠገብ አገኘነው። አምስት ሆነን አባረርነው። ከእኛ ይፈጥን ስለነበር ሊያመልጠን ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ልማድ ነው። አማተበና ጎንበስ ብሎ መቃኑን ሳመ። ድንጋዩ ጆሮው ላይ ያገኘው እንዳጎነበሰ ነው። ሁላችንም ወርውረናል፤ የመታው ግን የእኔ ነበር። ከእጄ ሲወጣ ጀምሮ በዓይኔ ተከትዬዋለሁ። እኔ ደግሞ የዚያው ደብር ቄስ ልጅ ነኝ።

ግራ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ዛሬ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነው። ስለ ጸጸት ያነበብኩት መጽሐፍ ብዙ ነው፤ አንዱም ከቤቴ እስከ ስፌት ቤቱ አላስኬደኝም። ባለፈው ክረምት ግን ራሴን አስገድጄ፣ የረዘመኝ ሱሪ ይዤ ሄድኩ።

«ያን ቀን፣ በሩ ጋ...» ብዬ ስጀምር የስፌት መኪናውን አቆመ።

«ደግሞ አንተም?» አለኝ። «ሦስቱ ጓደኞችህ በየተራ መጥተው ‹እኔ አይደለሁም› ብለው ምለውልኛል። አንዱማ በሚስቱ ነው የማለው፤ ከፈታት ቆይቷል።»

«እኔ እንኳ የመጣሁት...»

«አብሽር። አንተንስ ጠርጥሬህ አላውቅም። የቄስ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ድንጋይ አይወረውርም። ያ ሳይምልልኝ ደሴ የገባው አራተኛው ጓደኛችሁ ነው የመታኝ። እናቱ ሲሞቱ እንኳ ለቅሶ አልደረስኩትም።»

«እሱ አይመስለኝም» አልኩት።

«በምን አወቅህ?»

«እንዲያው ነው።»

ትንሽ አየኝና ሱሪውን ከእጄ ወሰደ። «ስንት ጣት ላሳጥርልህ?»

«ሁለት» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ገበያውን በሩቁ ዞሬ ነው የማልፈው። ሌሊት እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ የጀመርኩትን መጽሐፍ አልጨርስም። ደሴ የገባው ጓደኛችን አባት አሁን አልጋ ላይ ናቸው። ሲያርፉ ከተማው ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ ነው፤ ልብስ ሰፊው ግን በእኔ ድንጋይ ምክንያት አይሄድም።

አንባቢ ሆይ፣ መካነ ሰላም ከደረስክ ስፌት ቤቱ ግባና «የመታህ የቄሱ ልጅ ነው» በለው። እኔ እስክደፍር አትጠብቅ።