«ተረት ተረት» ብዬ መልስ የጠበቅኩበት ድምፅ

ዛሬ ጠዋት ቴሌግራም ላይ የላክሁትን ድምፅ ላጠፋ ስል ኔትወርኩ ጠፋ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ስልኬን ከፍ አድርጌ አንዴ ደጅ፣ አንዴ አጥር ሥር፣ እንደገና ደጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ ዲራሞ፣ ወላጆችን ግሩፕ ውስጥ አስገብታ «ተረት በድምፅ ላኩልኝ፣ ክፍል ውስጥ በስፒከር አሰማቸዋለሁ» አለች። እኔም ማንበብ ዘግይቼ በራሴ የተማርኩት ሴትዮ ደፍሬ ከመጽሐፍ አንብቤ ላክሁ።

መልሼ ሳዳምጠው አፈርኩ። «ተረት ተረት» ብዬ ዝም ብያለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ! ባሌ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት ቀን ቀን ማን ሊመልስልኝ? የመለሰችልኝ የጎረቤት ፍየል ናት።

ልጆቹ ቢስቁብኝ የልጅ ልጄ ታፍራለች። ለአባቷ ትንሽ ሳለ አንድም ቀን አላነበብኩለትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ይሄኛው እንዲበላሽብኝ አልፈለግኩም።

ከሰዓት ኔትወርኩ ሲመለስ መምህርቷ ከክፍል የቀዳችውን ድምፅ ልካልኛለች። የእኔ «ተረት ተረት» ይሰማል። ከዚያ ዝም ባልኩበት ቦታ ክፍሉ በሙሉ «የላም በረት!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ፍየሏ፣ ከዚያ ሳቅ።

የልጅ ልጄ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነው፦ «የኔ እኮ ናት! አያቴ ናት!»

«እማማ፣ ነገም ይላኩልን» ትላለች መምህርቷ። «ዝም ያሉበትን ግን እንዳይቆርጡት።»

አሁንም አልተቀመጥኩም፤ መጽሐፉን እያገላበጥኩ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ለልጆች ክፍል ድምፅ የላካችሁ፣ እናንተስ ልታጠፉት ሮጣችሁ ታውቃላችሁ?