የይታይሽ ጃንጥላ

እንጅባራ ላይ ጮክ ብሎ መጽሐፍ ማንበብ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከዝናቡ ጋር መስማማት አለበት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ አንዴ ከወረደ ሌላ ድምፅ አያስደምጥም። ምሥራቅ ይህን ስለምታውቅ ለአማቷ የምታነበው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው፤ ምሳ ተበልቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ደመናው ገና ሲሰበሰብ።

አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው የሚል ሰው ካለ፣ እዚያ ቤት እሑድ ከሰዓት ገብቶ ይይ። እማማ አትክልት የቀርቀሃ ወንበራቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ፊደልም ድሮውንም አልቆጠሩም። ጆሯቸው ግን ሁለት ቤት አልፎ የሚከፈት በር የማን እንደሆነ ይለያል። ምሥራቅ ገጽ በገለጠች ቁጥር «እህ!» ይላሉ፤ ደግሞ ምን ሊመጣ ነው ማለታቸው ነው። ክፉ ሰው ከመጣ ይራገማሉ፤ ያውም በአገውኛ። እርግማን በአማርኛ አይበረታም ባይ ናቸው።

ማንበቡ እንዲሁ ለጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም። ምሥራቅ ወር በገባ በአሥራ ሁለት የሚጠጣው የሚካኤል ማኅበር አባል ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ማኅበሩ እሷ ቤት በዋለ ጊዜ፣ ጸበል ጻዲቁ ተቀምሶ ወንዶቹ የተለመደውን የቦታና የካርታ ወሬ ሲጀምሩ ሰልችቷት ብድግ አለችና፣ «ጽዋው ከቤት ቤት ሲዞር መጽሐፍስ ለምን አይዞርም?» አለች። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት አቶ ሽባባው፣ ጡረታ የወጡ ቁጡ ሰው ናቸው፣ «ማኅበሩ የሚካኤል ነው እንጂ የሚኒስትሪ ፈተና ነው እንዴ?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። ጽዋው እሳቸው ዘንድ የደረሰ ጊዜ ግን መጽሐፉንም ይዘው ሄዱ፤ በወሩ ሲመልሱ ስለ እሱ ሲናገሩ ወጡ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲያ ደንብ ሆኖ ቀረ። ጽዋውን የተረከበ መጽሐፉንም ይረከባል፤ ሲያስረክብም ስለ መጽሐፉ ሁለት ቃል ይናገራል። የወሩን መጽሐፍ የምትመርጠው ምሥራቅ ናት። ምሥራቅ መረጠች ይባል እንጂ ወንፊቷ እማማ አትክልት ነበሩ። እሳቸው «እህ!» ያላሉበት መጽሐፍ ማኅበር ቤት አይገባም።

ባሏ ነጋ ከእንጅባራ ዳንግላ ሚኒባስ ይነዳል። ከዳር እስከ ዳር ያነበበው መጽሐፍ ቢኖር የመኪናው ሊብሬ ነው። ግን ዳንግላ ገበያ ዳር የተዘረጋ አሮጌ መጽሐፍ ባየ ቁጥር «ምሥሬ ትወዳለች» ብሎ ይገዛል፤ ምንነቱን አይጠይቅም። አንድ ጊዜ የትራክተር መመሪያ አምጥቶላታል። እሷም እንዳይከፋው ብላ አነበበችው።

በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ያመጣው መጽሐፍ ሽፋን አልነበረውም። ታሪኩ ሙሉ ነው፤ የጠፋው የመጽሐፉና የደራሲው ስም ብቻ ነው። ይታይሽ የምትባል ሴት ባሏ ሞቶባት፣ ሕፃን ልጇን ለእናቷ ትታ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ትወርዳለች። እዚያ ወባ ይይዛታል። ምሥራቅ የምትሠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ነውና፣ ወረፋው ፋታ ሲሰጣት እያነበበች መጨረሻው ላይ ደረሰች። እንባዋ ወረደ። ካርድ ሊያወጣ የቆመ አንድ ሽማግሌ ደነገጠና፣ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አላት።

«ይታይሽ» አለች ሳታስበው።

«ነፍስ ይማር» አለ ሰውየው፤ ባርኔጣውንም አወለቀ።

ይህን መጽሐፍ ለእማማ አትክልት ላለማንበብ ወስና ነበር። ምክንያቷም እንየው ነው። እንየው የእማማ አትክልት ታናሽ ወንድም ሲሆን በጉብዝናው ለሥራ ብሎ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። አለ የሚል አልመጣ፣ ሞተ የሚል አልመጣ። መርዶ ስላልመጣ አልተለቀሰለትም፣ ተዝካርም አልወጣለትም። እማማ አትክልት አርባ ዓመት ሙሉ ስሙን የሚጠሩት ደጅ እንደወጣ ሰው ነው። «ይሄን ቅዝቃዜ እንየው አይወደውም» ይላሉ። ግን ነጋ ምስጢር አይችልም። «እማ፣ ምሥሬ ያለቀሰችበት መጽሐፍ አለ» ብሎ ቁጭ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆማቸው!

ሦስተኛው እሑድ ላይ ይታይሽ ግራር ሥር በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ደረሱ። እማማ አትክልት ከወንበራቸው ተነሥተው በዳበሳ ወደ በሩ ሄዱ፤ ፊታቸውን ወደ ሰፈሩ ሚካኤል አዞሩ።

«ቅዱስ ሚካኤል፣ ይቺን ልጅ ለእናቷ ደጅ አብቃልኝ። ለሰኔ በዓልህ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ አገባልሃለሁ» አሉ።

«እማማ፣ መጽሐፍ እኮ ነው!» አለች ምሥራቅ።

«ቢሆንስ? መጽሐፍ ውስጥ ሚካኤል አይገባም ያለሽ ማነው?»

ምሥራቅ መጨረሻውን ታውቀዋለች። ይታይሽ አትገባም።

የመጨረሻው እሑድ ግንቦት ላይ ዋለ። ደመናው ተሰብስቦ ነበር፤ ዝናቡ ግን አልወረደም። ምሥራቅ ገጽ ዘልሎ የሚያነብ ሰው አትወድም፤ መጨረሻውን አስቀድሞ የሚያይ ሰውማ እሷ ዘንድ ከሌባ አይሻልም። እያነበበች ሄደች፤ እማማ አትክልትም በየገጹ «እህ!» እያሉ ተከተሏት። የጭነት መኪናው ከቆላ ወጥቶ የይታይሽ እናት ደጅ ደረሰ። «መኪናው ቆመ» ስትል አነበበች። ቀጥሎ የተጻፈው «ሾፌሩ ነጠላዋን ብቻ ይዞ ወረደ» ይላል። ምሥራቅ ቀና ብላ አየች። አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋጥመው አገጫቸውን ወደ እሷ አቅንተዋል።

«ይታይሽ ወረደች» አለች ምሥራቅ።

አንዴ ካሉት ወዲያ መመለሻ የለውም። እናቷ እየሮጠች መጣች አለች። ልጁ አፍሮ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ፣ ኋላ ግን ለመዳት፤ ውሻው ጅራቱን ቆላ፤ እግሯን አጠቧት፤ ጎረቤት «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» እያለ ገባ። ምሥራቅ ራሷ ጣፈጣትና ጥጃም ጨመረችበት። እማማ አትክልት ትንፍሽ አላሉም። ደስታ ነው ብላ ገመተች።

«ይኸው፣ ስለትዎ ሰመረ» ብላ መጽሐፉን አጠፈች።

«ሰመረ» አሉ እማማ አትክልት። ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡና፣ «ነጋ ባሕር ዳር ሲሄድ ጃንጥላ ያምጣልኝ፤ ዘርፉ ወርቃማ ይሁን» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ምሥራቅ ያደረገችው ነገር የታያት። ጃንጥላው ይገዛል። የሰኔ ሚካኤል ዕለት አማቷ በሰው ሁሉ ፊት ይዘውት ይቆማሉ፤ ለማን ነው ሲባሉ ይናገራሉ። መጽሐፉ ደግሞ በግንቦት አሥራ ሁለት ለማኅበሩ ሊሰጥ ነው፤ ተረኛው የባጃጁ አዝመራው ነው። ያ ሰው አንብቦ፣ በሰኔ አሥራ ሁለት ከማኅበርተኛው ፊት ቆሞ ይታይሽ ሞተች ይላል። አሮጊቷ በስተርጅና የከተማው መሣቂያ ሊሆኑ ነው፤ ያዋረደቻቸውም የገዛ ምራታቸው ናት። ምሥራቅ ሌላ መጽሐፍ ለመስጠት አስባ ነበር። እማማ አትክልት ግን «ይታይሽን ሳትሰጪ እንዳትመጪ» ብለው ላኳት።

ከሳምንት በኋላ ምሥራቅ አዝመራውን ባጃጅ መቆሚያው ላይ አገኘችው።

«መጽሐፉን ጀመርከው?» አለችው።

«ኧረ እቴ ምሥራቅ፣ ሥራው የት ያስነብባል! ግን እጀምራለሁ፣ አይዞሽ» አለ ወቀሳ የመሰለው አዝመራው።

«አትጀምር!»

አዝመራው ጆሮውን አላመነም። ለሦስት ዓመት አንብቡ ስትል አላስቀምጥ ያለች ሴት ናት። ምሥራቅ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ መጨረሻውን ብቻ አልነገረችውም። በሰኔው ማኅበር «አላለቀልኝም» ብሎ እንዲያልፍ ለመነችው፤ እሱም በሚካኤል ስም ቃል ገባላት። አታንብብ የተባለ ሰው እንዴት እንደሚያነብ የታወቀ ነው። አዝመራው ያን ሰሞን ተሳፋሪ «እንሂድ እንጂ!» እያለው ባጃጁ ውስጥ አቀርቅሮ ሲያነብ ታይቷል።

ሰኔ አሥራ ሁለት ጠዋት እማማ አትክልት በነጋ ክንድ ተደግፈው ጃንጥላውን አገቡ። አረንጓዴ ነው፤ ዘርፉ ወርቃማ። ካህኑ ስለቱ ለማን እንደሆነ ቢጠይቋቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቆላ ወርዳ ለታመመች ልጅ ነው። ይታይሽ ትባላለች» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ምሥራቅ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ መሬት መሬት ታያለች።

ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ አዝመራው ቤት ዋለ። ተበላ፣ ተጠጣ። አቶ ሽባባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እስኪ አዝመራው፣ ያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ እንዴት ነው?»

አዝመራው ከመቀመጫው ተነሣ። «እሱ እንኳ... አላለቀ...» ሲል ከምራታቸው ጋር የመጡት እማማ አትክልት ከጥግ ድምፅ አሰሙ።

«አዝመራው ልጄ፣ ይታይሽስ? ገባች?»

ጠዋት ጃንጥላውን ያላየ ሰው አልነበረም። አዝመራው ምሥራቅን አያት፤ ምሥራቅ ጽዋውን አየች።

«ገባች እንጂ እማማ!» አለ አዝመራው ድንገት። «እናቷ ደጅ ድረስ ወጥታ ተቀበለቻት። ዶሮ ሁሉ ታርዷል!»

«ዶሮ? ምሥሬ ስታነብልኝ ዶሮ አልነበረም።»

«እ... ገጹ ተጣብቆባት ይሆናል» አለ አዝመራው፤ ላቡን በመዳፉ ጠረገ። አቶ ሽባባው ሁለቱንም በየተራ አዩ፤ የገባቸው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። በዚያ ቀልደኛ አፋቸው ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ ለምርቃት ተነሡ። ምሥራቅ ሽማግሌውን እንደዚያን ቀን ወድዳቸው አታውቅም።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ጭቃ ስለነበር አማትና ምራት ተቃቅፈው በዝግታ ነው የሄዱት።

«አዝመራው ደግ ልጅ ነው» አሉ እማማ አትክልት። «ውሸት ግን አይሆንለትም። አንቺ ትሻያለሽ።»

ምሥራቅ ባለችበት ቀረች።

«ምን አስቆመሽ? ያን ቀን መኪናው ቆመ ካልሽ ወዲያ አንድ ገጽ አልገለጥሽም። እናት መጣች፣ ልጅ ተደበቀ፣ ውሻ፣ ጥጃ፣ ጎረቤት፣ ሁሉ በአንድ ገጽ! ዓይኔ ነው የጠፋ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» አለች ምሥራቅ፤ እንባዋ ቀደማት። «ካወቁ ታዲያ ጃንጥላውን ለምን አገቡ?»

«ለደጇ አብቃልኝ አልኩት፤ አበቃት። ባንቺ አፍ ይሁን በመጽሐፉ፣ እሱ የሚካኤል ጉዳይ ነው። እኔ ቃሌን በልቼ መልአክ ፊት አልቆምም።» ጥቂት እንደተራመዱ የምሥራቅን ክንድ ጠበቅ አደረጉ። «መርዶ እንደደበቅሽኝ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። መርዶ የሚደብቅልሽ የሚወድሽ ሰው ነው። ግን ተደብቆ አይቀርም ልጄ፤ ቀን አለው። የእንየውን የሚያረዳኝ ጠፍቶ ይኸው በር በር ሳይ አረጀሁ። የይታይሽን እንኳ አንቺ አርጂኝ።»

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር። በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ ምሥራቅ አዝመራው የመለሰላትን መጽሐፍ ይዛ ገባች። ነጋም ሚኒባሱን ሳያስነሣ መጥቶ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ መርዶ ያለ ዘመድ አይሰማምና። ዝናቡ ሌሊት ወርዶ አባርቷል። ምሥራቅ ካቆመችበት ጀመረች።

«መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ነጠላዋን ብቻ ይዞ ወረደ።»

እማማ አትክልት ደረታቸውን መቱ። ለይታይሽ አለቀሱ፤ እናቷን አሰቡ፣ ልጇን አሰቡ። እያለቀሱ ስሙ ተለወጠ፤ «እንየው፣ እንየው ወንድሜ» አሉ። ነጋ እጃቸውን ያዘ። ምሥራቅም ማንበቡን ትታ አብራ አለቀሰች፤ ፀሐዩ በመስኮት እስኪገባ ድረስ እንዲያ ቆዩ።

በመጨረሻ እማማ አትክልት ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ።

«በይ ቀጥይ» አሉ።

ምሥራቅ ጣቷን በምላሷ አርጥባ ገጹን ገለጠች።

«እህ!» አሉ እማማ አትክልት።